ሽበትና እንግዳ፦ አረጋውያት እናቶች ከማያውቁት ሰው ጋር ሲገናኙ



በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ውስጥ ተከታትለው የተጻፉ ሁለት ትእዛዛት አሉ። የመጀመሪያው በቁጥር 32 የሚገኝ ሲሆን፣ በሽበታም ሰው ፊት መነሣትንና ሽማግሌን ማክበርን ያዝዛል። ሁለተኛው ወዲያውኑ በቁጥር 33 እና 34 የተጻፈ ሲሆን፣ በሀገራችን የሚቀመጠውን እንግዳ እንዳናስጨንቀው፣ ይልቁንም እንደ ራሳችን እንድንወደው ይነግረናል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ስለ አረጋውያን፣ ሁለተኛውን ደግሞ ስለ ስደተኞች ስናስተምር ለያይተን እናነባቸዋለን። ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ያስተዋለ ሰው ግን በዚህ ትምህርት ልንመለከተው ወደ ወደድነው ጥያቄ ይደርሳል፤ ይኸውም፦ ባለ ሽበቷ እናትና የማታውቀው እንግዳ ሰው ሲገናኙ ምን ይሆናል? የሚል ነው።

ጥያቄውን በተለይ ስለ አረጋውያት እናቶቻችን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቁምስናችን ማለዳ ቀድመው የሚመጡት፣ ከጸሎትም በኋላ መጨረሻ የሚወጡት እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ብዙዎቹ «እኔማ አበቃልኝ»፣ «የእኔ ዘመን አለፈ»፣ «ከእንግዲህ ሞቴን መጠበቅ ነው» ሲሉ እንሰማቸዋለን። ልጆች አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በዐረብ ሀገር ወይም በአሜሪካ ይኖራሉ። የትዳር ጓደኛ አርፏል። ቤቱን ይሞላው የነበረው ጫጫታ ቀርቶ አልፎ አልፎ የሚደወል ስልክ ብቻ ይሰማል። ሚስት፣ የልጆች እናት፣ የቤት ባለሙያ ያሰኟት ስሞች አንድ በአንድ ሲርቁ፣ የቀረችው ሴት «እንግዲህ እኔ ማን ነኝ?» ብላ በልቧ ትጠይቃለች። ለማስተማር የተጠራ ሰው ይህን ጥያቄ ሰምቶ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም።

በዚህ ትምህርት ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። እግዚአብሔር የአረጋዊትን ሴት ክብር ብዙ ጊዜ የሚያድሰው፣ ባልታሰበ ሰዓት በሚያገናኛት በማታውቀው ሰው በኩል ነው። ቤተ ሰብ የሚያውቃት ትናንት ታደርገው በነበረው ሥራ ስለሆነ፣ ዛሬ ሲያያት የጎደለውን ይቈጥራል። እንግዳው ግን ወጣትነቷን አላየም፤ ስለዚህም ከትናንትናዋ ጋር አያወዳድራትም። የሚያገኛት ዛሬ ባለችበት፣ ከነሽበቷ፣ ከነጥበቧ ነው።

ሀ. አስቀድመን ቃላቱን እንመርምር

በአማርኛችን ዕድሜው ለገፋ ወንድ «ሽማግሌ» እንላለን። ይህ ቃል ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ሥራንም ያመለክታል፤ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ይመክራል፣ ለጋብቻ ይላካል። «አሮጊት» የሚለው ቃል ግን ስለ ሴቲቱ ከዕድሜዋ በቀር የሚነግረን ነገር የለም፤ እንዲያውም በየመንገዱ ለስድብ ሲውል ይሰማል። «ባልቴት» የሚለውም ቢሆን ከዕድሜዋ አልፎ የሥራ ድርሻ አይሰጣትም። በዚህም ምክንያት ወንድ ሲያረጅ ወደ አንድ ማዕረግ የወጣ ሲመስል፣ ሴት ስታረጅ ከማዕረጓ የወረደች ትመስላለች። ብዙ እናቶች ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ የሚሸሽጉት፣ ፎቶግራፍ ሲነሡም ከኋላ የሚቆሙት ስለዚህ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ክርስቲያን በዕድሜው መኩራት ይገባዋልን? ኩራት ኃጢአት አይደለምን? በእርግጥ ትዕቢት ኃጢአት ነው። ትዕቢተኛ የተቀበለውን ስጦታ እንደ ገዛ ራሱ ሥራ ይቈጥራል፣ በእርሱም ሌላውን ይንቃል። ከምስጋና የሚወለደው ክብር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። እመቤታችን ድንግል ማርያም በኤልሳቤጥ ቤት እግዚአብሔር ታላቅ ነገር እንዳደረገላት በግልጽ ተናግራለች፤ የተደረገላትን አለመደበቋ ትሕትናዋን አልቀነሰባትም። መጽሐፈ ምሳሌም (16፥31) ሽበትን በዘውድ ይመስለዋል። ዘውድ የሚቀመጠው በራስ ላይ ነው፤ የሚሸፍነውም ሰው የለም። እንግዲህ «እነሆ ሰባ አምስት ዓመት አኖረኝ» ብላ በደስታ የምትናገር እናት የምታመሰግነው አኗሪዋን ነውና ትዕቢተኛ አትባልም።

ለ. ሦስት እናቶች በቅዱስ መጽሐፍ

የመጀመሪያዋ ሣራ ናት (ዘፍ. 18፥1-15፤ 21፥1-7)። ዕድሜዋ ወደ ዘጠና ዓመት ተጠግቶ ነበር። በቀትር ሙቀት ሦስት እንግዶች ወደ መምሬ መጡ። አብርሃም ሮጦ ተቀበላቸው፤ ሣራም ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ እንድታዘጋጅ ነገራት። ምግቡ ቀርቦ ሲበሉ እርስዋ በድንኳኑ ውስጥ፣ ከበሩ በስተ ኋላ ነበረች። እንግዶቹ ግን ሚስቱ ሣራ ወዴት እንዳለች በስሟ ጠየቁ። ከመጋረጃ ጀርባ ያለችውን አረጋዊት የፈለጓት ቤተ ሰቦቿ ሳይሆኑ መንገደኞች እንደሆኑ እናስተውል። ልጅ እንደምትወልድ ስትሰማ በልቧ ሳቀች፤ ራሷን የምትለካው ባለፈው ጉልበቷ ነበርና። እግዚአብሔር ግን ያንን የጥርጣሬ ሳቅ ወደ ደስታ ሳቅ ለወጠው፤ የልጇም ስም ይስሐቅ ተባለ፣ ትርጓሜውም ከሳቅ የመጣ ነው። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት (13፥2) እንግዳ መቀበልን እንዳንረሳ ሲመክር፣ አንዳንዶች ሳያውቁ መላእክትን እንደተቀበሉ የሚያስታውሰን ይህን የመሰለውን ታሪክ ነው።

ሁለተኛዋ ኑኃሚን ናት። ከቤተ ልሔም በረሃብ ምክንያት ወደ ሞዓብ ተሰደደች፤ በዚያም ባልዋንና ሁለት ልጆችዋን ቀበረች። ስትመለስ የከተማይቱ ሴቶች ይህች ኑኃሚን ናትን? ብለው ተደነቁ (ሩት 1፥19)። የሚያውቋት ሰዎች ያዩት ከቀድሞዋ ኑኃሚን የጎደለውን ነበር። እርስዋም ፍርዳቸውን ተቀብላ፣ ኑኃሚን መባሉ ቀርቶ ማራ፣ ማለትም መራራ፣ እንዲሏት ለመነች። እናቶቻችን «አበቃልኝ» ሲሉ ይህንኑ የኑኃሚንን ቃል በሌላ አነጋገር መድገማቸው ነው። ታዲያ ተስፋዋ የታደሰው በምን መንገድ ነው? በቤተ ልሔም ባዕድ በነበረችው በሞዓባዊቷ ሩት አማካይነት ነው። ሩት ልትቃርም ወጥታ ወደ ቦዔዝ እርሻ የደረሰችው፣ መጽሐፉ ራሱ እንደሚለው፣ እንዲያው ሲገጥማት ነው (2፥3)። በመጨረሻም ኢዮቤድ ሲወለድ ኑኃሚን አቅፋ አሳደገችው፤ ጎረቤቶቿም ለኑኃሚን ልጅ ተወለደላት ብለው ስም አወጡለት። ኢዮቤድ የንጉሥ ዳዊት አያት ነው። መራራ ነኝ ያለችው እናት የጌታችን የትውልድ ሐረግ ሞግዚት ሆነች።

ሦስተኛዋ የፋኑኤል ልጅ ነቢዪት ሐና ናት (ሉቃ. 2፥36-38)። ከባልዋ ጋር የኖረችው ሰባት ዓመት ብቻ ነበር፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ መበለትነቷ ሲናገር 84 ዓመት የሚለውን ቍጥር ያነሣል። በጾምና በጸሎት ከቤተ መቅደስ አትለይም ነበር። አንድ ቀን ከገሊላ የመጡ ድኾች ባልና ሚስት ሕፃን ታቅፈው ገቡ። ለእርስዋ እንግዶች ነበሩ፤ ድኾች መሆናቸውም በሕጉ ለድኻ ከተፈቀደው የወፎች መሥዋዕት ይታወቃል። ወንጌላዊው ሐና በዚያችው ሰዓት እንደ ቀረበች ይነግረናል። ቀርባም እግዚአብሔርን አመሰገነች፣ ቤዛነትን ለሚጠባበቁትም ሁሉ ስለ ሕፃኑ ተናገረች። ባልዋን በወጣትነቷ ያጣች፣ ልጅ እንዳላትም ያልተነገረላት ይህች እናት፣ ክርስቶስን ለሕዝብ ካወሩ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ሆነች።

በሰው ዓይን ሲታይ እነዚህ ሁሉ አጋጣሚዎች ናቸው። በእምነት ዓይን ግን የእግዚአብሔር መግቦት ናቸው። ሐና በየቀኑ በቤተ መቅደስ ባትገኝ ኖሮ ያች ሰዓት ባመለጠቻት ነበር። እንግዲህ አጋጣሚን የሚያዘጋጀው እግዚአብሔር ሲሆን፣ በር ላይ መገኘት ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ሐ. በዘመናችን የሆኑ ሁለት ታሪኮች

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2013፣ በተመረጡ በአራተኛው ቀን፣ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ታሪክ ነግረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በቦነስ አይረስ ከተማ ረዳት ጳጳስ ሳሉ፣ የፋጢማ እመቤታችን ሐውልት ወደ ከተማዋ በመጣበት ጊዜ ለሕሙማን ታላቅ ቅዳሴ ተደረገ፤ እርሳቸውም ኑዛዜ ይሰሙ ነበር። ሊሄዱ ሲነሡ፣ ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ያለፈ፣ ቀለል ያለ ልብስ የለበሱ አንዲት እናት ወደ እርሳቸው ቀረቡ። ጳጳሱ በፈገግታ፣ ኃጢአት ከሌለዎት ምን ይናዘዛሉ? በሚል ስሜት ጠየቋቸው። እናቲቱም ሁላችንም ኃጢአት እንዳለብን፣ ጌታ ግን ሁሉን ይቅር እንደሚል መለሱ። ይህን በምን እንዳወቁ ሲጠየቁ፣ ጌታ ሁሉን ይቅር ባይል ኖሮ ዓለም ባልኖረች ነበር አሉ። ፍራንቸስኮስም እናቲቱ በሮም ጎርጎርዮሳዊ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እንደሆነ ሊጠይቋቸው ምንም ያህል አልቀራቸውም ነበር።

ይህን ታሪክ በጥንቃቄ እንመልከተው። እናቲቱ ስማቸው አልተነገረም። ከዚያ ቀን በፊት ከጳጳሱ ጋር አልተዋወቁም። የተናገሩት ግን ከሃያ ዓመት በኋላ በዓለም ፊት ተሰማ። ሊናዘዙ መጥተው አስተማሪ ሆኑ። ዕድሜ ያስተማራቸውን ለአንድ እንግዳ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰጡት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2025 ያረፉት እኚህ አባት፣ በ2021 የአያቶችና የአረጋውያን ዓለም አቀፍ ቀን በየዓመቱ በጁላይ ወር አራተኛ እሑድ እንዲከበር መወሰናቸው፣ በ2022 ደግሞ ስለ እርጅና ተከታታይ ትምህርት መስጠታቸው ይታወሳል። ከእርሳቸው በፊትም ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ፣ ራሳቸው የ79 ዓመት አረጋዊ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1999 ለአረጋውያን መልእክት ጽፈው ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከሀገራችን ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መነኩሲት የነበሩት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ተማሩ፤ ከዚያም በወሎ በግሸን ማርያም መነኰሱ። የፒያኖ ዜማዎቻቸው በ1960ዎቹ በሸክላ ታትመው ገቢው ለችግረኛ ሕፃናት መርጃ እንዲውል አድርገዋል። በኋላም በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያውያን ገዳም በጸጥታ ይኖሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ሥራዎቻቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 21ኛ ቅጽ በፈረንሳይ ሀገር ታትመው ወጡ። እማሆይ በዚያን ጊዜ ከ80 ዓመት አልፈው ነበር። ማያ ዱኒየትስ የተባለች እስራኤላዊት የፒያኖ ተጫዋች፣ ፈጽሞ የማታውቃቸውን መነኩሲት ዜማ በሲዲ ሰምታ ወደ ገዳማቸው መጣች። ከጊዜ በኋላም እማሆይ በእጃቸው ጽፈው ያከማቹትን የዜማ ወረቀት አደራ ሰጧት፤ እ.ኤ.አ. በ2013፣ 90 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት፣ በመጽሐፍ መልክ ታተመ። እማሆይ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

እማሆይ ዝናን ፈልገው በር ለበር አልዞሩም። ነገር ግን የሌላ ሀገርና የሌላ እምነት ልጅ በራቸውን ስታንኳኳ፣ «አርጅቻለሁ፣ ወረቀቴም አርጅቷል» ብለው አልመለሷትም። ያከማቹትን አውጥተው ሰጡ። በየቤታችን ያሉ እናቶችም ያከማቹት ነገር አላቸው፤ አንዷ የጠፋ የጸሎት ዜማ፣ አንዷ የሽመና ጥበብ፣ አንዷ የተጣሉትን የማስታረቅ ብልሃት። የሚጠይቅ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ በከረጢት ተቋጥሮ ተቀምጧል።

መ. ጥናት ምን ይላል?

እምነታችን በጥናት ላይ ባይመሠረትም፣ እውነት ከየትም ቢገኝ የእግዚአብሔር ነውና ጥቂት እንጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከሁለት ሰዎች አንዱ በአረጋውያን ላይ የተዛባ አመለካከት እንዳለው ገልጿል። መፍትሔ ይሆናሉ ካላቸው ሦስት መንገዶች ሁለቱ ሕግና ትምህርት ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ወጣቶችና አረጋውያን ፊት ለፊት የሚገናኙበትን ዕድል መፍጠር ነው።

በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በሆነችው በቤካ ሌቪ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናትም አለ። በኦሃዮ ግዛት 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 660 ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ፣ ስለ ገዛ እርጅናቸው መልካም አመለካከት የነበራቸው ሰዎች ከሌሎቹ በአማካይ 7 ዓመት ተኩል የበለጠ እንደኖሩ አሳይቷል። በጤናና በኑሮ ደረጃ ያለው ልዩነት ከግምት ከገባ በኋላ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። ይህ ማለት በጎ ሐሳብ ብቻውን ዕድሜ ያረዝማል ማለት አይደለም፤ «አበቃልኝ» የሚለው ቃል ግን ቀላል ቃል እንዳልሆነ ያስገነዝበናል።

እንደዚሁም ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በቺካጎ ከተማ በባቡርና በአውቶቡስ የሚጓዙ ሰዎች ከማያውቁት ጎረቤታቸው ጋር ቢነጋገሩ ደስ እንደማይላቸው ገምተው ነበር። በተግባር የተነጋገሩት ግን በዝምታ ከተጓዙት ይልቅ ጉዞው አስደስቷቸው ተገኝቷል። እንግዳን የምንፈራው ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ነው ማለት ነው።

ሠ. በባህላችን ያለው ሀብት

ይህ ትምህርት ለሕዝባችን አዲስ አይደለም። መንገደኛ መሽቶበት በማያውቀው ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ውኃ አሙቃ እግሩን የምታሳጥበው፣ ካለችውም ቈርሳ የምታበላው የቤቷ እናት ነበረች። ዛሬም በታክሲና በአውቶቡስ አንድ ወጣት ለማያውቃት አረጋዊት ቦታ ሲለቅ «እናቴ፣ ይቀመጡ» ይላል፤ እርስዋም «እደግ ተመንደግ፣ ልጄ» ብላ ትመርቀዋለች። በሁለት ቃላት ባዕድ የነበሩት ሁለት ሰዎች እናትና ልጅ ይሆናሉ። ወጣቱ የሰጠው መቀመጫ ነው፤ የተቀበለው ግን ምርቃት ነው። ሁለቱን በሚዛን ብናስቀምጣቸው የትኛው ይከብዳል? ምርቃት ወጣት ሊሰጠው የማይችለው፣ ዕድሜ ብቻ የሚያወርሰው ሀብት ነው። የቡናችንም ሦስተኛ ስኒ «በረካ» መባሉ በከንቱ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው የተቀመጠ ሰው በረከት ያገኛል።

በየጤና ጣቢያው የሚታየውንም እናስብ። የመጀመሪያ ልጇን ይዛ ተራ የምትጠብቅ ወጣት እናት ሕፃኑ አልቅሶ አላቆም ሲላት ትጨነቃለች። አጠገቧ የተቀመጡት የማታውቃቸው አረጋዊት «እስቲ ወዲህ በይው» ብለው ይቀበሏታል፣ በትከሻቸው አስደግፈው ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል፤ ሕፃኑም ዝም ይላል። ወጣቲቱ «እንዴት አድርገው ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ያች እናት በቤታቸው ከተጠየቁ ዓመታት ያለፈውን ነገር ይመልሳሉ። በዚያች ደቂቃ «የእኔ ዘመን አለፈ» የሚለው ቃል ሐሰት መሆኑ በተግባር ተገለጠ።

ይሁን እንጂ ይህ ሀብት በከተሞቻችን እየሳሳ መሄዱን መካድ አይቻልም። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች አንዱ የሌላውን ስም ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ወጣቱ ዓይኑን ከስልኩ አያነሣም፤ እናቲቱም በሯን ትዘጋለች። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚለውን ብሂል አውቀን መድኃኒቱን መደርደሪያ ላይ ትተነዋል።

ረ. ሦስት ማሳሰቢያዎች

አንደኛ፦ ከእንግዳ ጋር የሚደረግ መልካም ግንኙነት የልጆችን ግዴታ አይተካም። አባትንና እናትን የማክበር አራተኛው ትእዛዝ ለጎረቤትና ለመንገደኛ የሚተላለፍ ዕዳ አይደለም። በሩቅ ያለ ልጅ ገንዘብ መላኩ መልካም ነው፤ ድምፁንና ጊዜውንም ይላክ።

ሁለተኛ፦ የዋህነትና ጥበብ አብረው ይሂዱ። አረጋውያትን በማታለል ገንዘባቸውንና ንብረታቸውን የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ እንግዳን በአደባባይ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሰው ባለበት ማነጋገር ይበቃል፤ የባንክ ደብተርን፣ የቤት ቍልፍንና የምሥጢር ቍጥርን ግን ለማንም መስጠት አይገባም። ይህን ለእናቶቻችን በግልጽ መንገር ፍቅር ነው።

ሦስተኛ፦ በሕመም ምክንያት ከአልጋ የማይነሡትን አንርሳ። እነርሱ ወደ በሩ ሊመጡ አይችሉም፤ ስለዚህ እንግዳው ወደ እነርሱ ይሂድ። ሲሄድም ምጽዋት ሰጪ ሆኖ ብቻ አይሂድ፤ ምርቃትና ምክር ለመቀበል ባዶ እጁንም ዘርግቶ ይሂድ። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ የሚያደርጋት ሰው የአረጋዊትን ክብር ሳያውቅ ይቀንሳል።

ሰ. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በሚቀጥሉት ሦስት ወራት በየቁምስናችሁ የሚከተለውን እንድትሞክሩ እንመክራለን።

በመጀመሪያው ወር እያንዳንዱ መምህር በመልክ ብቻ የሚያውቃቸውን አምስት አረጋውያት እናቶች የክርስትና ስም ይወቅ። ንግግሩንም በሕመማቸው አይጀምር። «ምን ያምዎታል?» ከሚለው በፊት «በልጅነትዎ ጸሎት ያስተማረዎት ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

በሁለተኛው ወር ለቀዳሜ ቁርባንና ለምሥጢረ ሜሮን የሚዘጋጁ ልጆች፣ ዘመዳቸው ካልሆነች አንዲት እናት ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገናኙ። አያታቸው ያልሆነች እናት እንድትሆን የምንለው፣ ልጁ መልስ ሳያውቅ እንዲጠይቅ፣ እናቲቱም እንደ አዲስ እንድትናገር ነው። ስብሰባው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ መምህሩ ባለበት ይሁን። ልጆቹ የሰሙትን አንድ ነገር በደብተራቸው ይጻፉ።

በሦስተኛው ወር በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቶቹ ልጆቹን በየስማቸው ይመርቁ። በዚያን ዕለት አረጋውያቱ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ይምጡ። ዕድሜያቸውን ለመናገር የሚወዱ ካሉ ይናገሩ፤ ሕዝቡም እግዚአብሔርን ያመስግን።

ለእናቶቻችን ደግሞ ይህን እንላለን። ዕድሜያችሁን አትሸሽጉ። «አበቃልኝ» ማለትን ከአፋችሁ አርቁ። በየሳምንቱ ከለመዳችሁት ቦታ አንድ ወንበር ፈቀቅ ብላችሁ፣ የማታውቁትን አንድ ሰው በስሙ ተዋወቁት። ምርቃታችሁን አትቆጥቡ፤ ሲሰጡት የማያልቅ ሀብት ነውና።

ሸ. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ዘሌዋውያን 19፥32-34ን አንብቡ። ስለ ሽበትና ስለ እንግዳ የተሰጡት ትእዛዛት ተከታትለው መጻፋቸው ምን ያስተምረናል?

2. የቤተ ልሔም ሴቶች ኑኃሚንን ሲያዩ የተናገሩትን አስቡ። እኛስ የምናውቃቸውን እናቶች ከትናንትናቸው ጋር እያወዳደርን የምናሳዝናቸው በምን በምን ነው?

3. ሐና በዚያችው ሰዓት መገኘት የቻለችው ለምንድን ነው? በእኛ ቁምስና አረጋውያትና እንግዶች ሊገናኙ የሚችሉበት «በር» የት ነው?

4. የማታውቋት አረጋዊት እናት የሰጠቻችሁን ምክር ወይም ምርቃት ታስታውሳላችሁ? በሕይወታችሁ ምን ፍሬ አፈራ?

5. በአካባቢያችሁ ቋንቋ አረጋዊት ሴት የምትጠራባቸው ቃላት የትኞቹ ናቸው? ክብርን የሚሰጡት የትኞቹ፣ የሚቀንሱትስ የትኞቹ ናቸው?

ሣራን ከድንኳኗ ጀርባ በስሟ ያስጠራ፣ ለኑኃሚን ሕፃን ያሳቀፈ፣ ሐናን በሰዓቷ ያስደረሰ እግዚአብሔር፣ የእናቶቻችንን ሽበት የክብር ዘውድ ያድርግላቸው፤ ለእኛም በፊታቸው የምንነሣበትን ትሑት ልብ ይስጠን። አሜን።